በርሰርክ ዴሉክስ፦ ሰው ጭራቅ ሲሆን በሰፊ ገጽ

የጃፓናዊውን የኬንታሮ ሚዩራን «በርሰርክ» የተባለ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) በትንሹ እትም ያነበበ ሰው ትልቁን የዴሉክስ እትም ሲገልጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሥጋው ላይ ነው። ቆዳ ሲተረተር፣ የጎድን አጥንት ወደ ውጭ ሲታጠፍ፣ ከሰው ፊት ሥር የአውሬ መንጋጋ ሲወጣ የሚያሳዩት ሥዕሎች በኪስ መጠን ሲታተሙ ግማሹ ዝርዝር ጥቁር እድፍ ሆኖ ይቀራል። ይህ እትም ገንዘብ የሚወጣበት ከሁሉ በፊት ለእነዚህ ገጾች ሲባል ነው፤ እዚህም የምንመዝነው በእነሱ ነው።

ዴሉክሱን የአሜሪካው አሳታሚ ዳርክ ሆርስ ማውጣት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ2019 ነው። እያንዳንዱ ጥራዝ ከመጀመሪያው እትም ሦስት ቅጾችን በአንድ ላይ ይይዛል፤ 700 ገጽ የሚጠጋ፣ ቆዳ መሳይ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ነው። ገጹ 7 በ10 ኢንች ነው፤ ትንሹ እትም ደግሞ 5 በ7 ገደማ። በስፋት ሲሰላ ሥዕሉ ያገኘው ቦታ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ 49.99 ዶላር ነው። ሦስቱን ትንንሽ ቅጾች ለየብቻ በ14.99 መግዛት 44.97 ያስወጣል። ለአምስት ዶላር ልዩነት እጥፍ ገጽና ጠንካራ ሽፋን ማግኘት እስካሁን ካየናቸው የማንጋ እትሞች መካከል ከምርጦቹ ግዢዎች አንዱ ያደርገዋል። ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ለማንጋ አዲስ የሆነ ሰው መጽሐፉን የሚከፍተው የኋላ ሽፋን ከሚመስለው በኩል ነው።

ሥዕሎቹን ለመገምገም መጀመሪያ የለውጡን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሚዩራ ማንንም በዘፈቀደ ጭራቅ አያደርግምና። መነሻው ቤሄሊት የሚባል እንቁላል የሚያህል ነገር ነው። ላዩ ላይ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ቦታቸውን ስተው ተበታትነዋል። ባለቤቱ ከተስፋ መቁረጥ መጨረሻው ጥግ ሲደርስ የፊቱ ክፍሎች ተንሸራተው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ዓይኖቹ ይገለጣሉ፣ እንቁላሉም ይጮኻል። ያን ጊዜ ሌላ ዓለም ይከፈትና ጎድ ሃንድ የሚባሉት ይመጣሉ፤ ከእነሱም መካከል ቮይድ፣ ስላን፣ ኡቢክና ኮንራድ አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ እጅግ የምትወደውን ትሰጣለህ ወይ? ጠላትን መስጠት አይቻልም። የሚሰጠው ሰው የነፍስ ያህል ቅርብ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም መስዋዕቱ የሚቆርጠው ሰውዬውን ከሰውነት ጋር ያሰረውን የመጨረሻ ገመድ ነው። እሺ ካለ በሚሰዋው ሰው ላይ ማኅተም ይታተማል፣ ሰጪው ደግሞ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ የሰውም የአውሬም መልክ ይይዛል፤ ሲሞት ወደ ሰውነቱ ይመለሳል።

እነዚህ ፍጡራን በጃፓንኛ «ሺቶ» ይባላሉ፤ የክርስቶስ ሐዋርያት የሚጠሩበትም ቃል ይኸው ነው። አማርኛ አንባቢን ስሙ ይጎረብጠዋል፣ ሊጎረብጠውም ይገባል። ጌታ አላቸው፣ መስዋዕት አላቸው፣ የሚጠብቁት ዘመን አላቸው፤ ሁሉም ቅድስና ተገልብጦ ነው። ሐዋርያ የሚለው ቃላችን «ሖረ»፣ ሄደ ከሚለው የግእዝ ግሥ መምጣቱን ለሚያውቅ ደግሞ ስሙ ሌላ ትርጉም ይጨምራል፦ እነዚህ ሰውነታቸውን ጥለው የሄዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥራዝ (ቅጽ 1 እስከ 3) ለዚህ ሁሉ ምርጥ ማሳያ የሆነውን የካውንቱን ታሪክ ከነመጨረሻው ይዟል። ካውንቱ መናፍቃንን እያሳደደ የሚገድል የቤተ መንግሥት ጌታ ነው፤ እውነተኛ መልኩ ግን አዳራሽ የሚሞላ ቀንድ አውጣ መሳይ፣ ዛጎል የሌለው ለስላሳ ሥጋ ነው። ሚዩራ እዚህ ያደረገውን በትልቁ ገጽ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የሰውነቱ እጥፋት ጭረት በጭረት ላይ እየተደራረበ ነው የተሠራው፤ ጥቁሩ ወደ እጥፉ ሆድ ሲገባ ይጠብቃል፣ ወደ ጀርባው ሲወጣ ይሳሳል፣ በጭረቶቹ መካከል የቀረው ነጭ ደግሞ ርጥበት ይሆናል። በትንሹ እትም ይህ ነጭ በቀለም ተውጦ አውሬው የደረቀ ይመስላል። በዴሉክሱ እርጥብ ነው። በዚያ ሁሉ ሥጋ መካከል የሰውዬው ፊት አለመጥፋቱንም ልብ በሉ፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ይህን ፊት ሚዩራ የተወው ለከንቱ አይደለም። ካውንቱ ሊሞት ሲል ቤሄሊቱ ደግሞ ይነሣል፤ ዳግም ለመወለድ ልጁን ቴሬዝያን እንዲሰጥ ይጠየቃል። ሚስቱን የሰጠ ሰው ነው። ልጁን ግን መስጠት ያቅተዋል፣ እዚያው ሲያመነታ ሙታኑ ይወስዱታል። ጭራቁ ውስጥ አባት ተርፎ እንደነበር የሚታወቀው ከመጨረሻው በፊት ባሉ ጥቂት ገጾች ነው፤ ሥዕሉም ከትላልቁ ጦርነት ወደ ትንንሽ የፊት ፍሬሞች ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥራዝ ሥዕል ከኋለኞቹ ሻካራ ነው፣ የሰዎቹም አቋም አንዳንዴ ይንሻፈፋል። ይህ የኅትመት ጉድለት አይደለም፤ ሥራው በመጽሔት መውጣት የጀመረው በ1989 ነው፣ ሚዩራ ገና 23 ዓመቱ ነበር።

በሁለተኛው ጥራዝ ዞድ የሚባል ሌላ ሐዋርያ አለ። ከፍርስራሽ አዳራሽ ውስጥ ከሰው ወደ ቀንዳም ክንፋም አውሬ የሚቆምበት ገጽ ለግድግዳ የሚሆን ሥዕል ነው፤ ታሪኩ ግን ዞድ ለምን እንደተለወጠ ስለማይነግረን ከካውንቱ ጋር አይወዳደርም። በአራተኛው ጥራዝ ያለው ሐዋርያ ዋያልድ ከሁሉም ደካማው ነው። አካሉ ሰፊ፣ ጭካኔው ብዙ፣ የመለወጡ ምክንያት ግን ባዶ። አንድ ፍሬም ብቻ ያድነዋል፤ ተገድሎ ወደ ሰውነት ሲመለስ የሚታየው አጥንቱ የወጣ፣ የከሳ ሽማግሌ ነው።

ሮዚን ወደምትባለው ሐዋርያ ስንመጣ እትሙ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ሦስት ሦስት ቅጽ እያሰሩ መጠረዝ ታሪክ የሚያልቅበትን አይጠብቅም። የሮዚን ታሪክ ከቅጽ 14 እስከ 16 ነው፤ አምስተኛው ጥራዝ በ15 ያልቃል፣ ፍጻሜው ስድስተኛው ላይ ነው። ግርዶሹ የሚባለው ታላቁ እልቂትም እንዲሁ ቅጽ 12 እና 13 ላይ ስለሆነ አራተኛውና አምስተኛው ጥራዝ ለሁለት ይካፈሉታል። አራተኛውን ብቻ የገዛ ሰው መጽሐፉን የሚዘጋው ከማዕዱ መካከል ተነሥቶ ነው። ስለዚህ 4፣ 5 እና 6ን አብሮ መግዛት ይሻላል።

ሮዚን ለእኛ የሥራው ሁሉ ጫፍ ናት። አባቷ የሚደበድባት፣ የሰው ልጅ ሳልሆን ተረት ውስጥ የምሰማው የጫካ ፍጡር ነኝ ብላ ያመነች ልጅ ወላጆቿን ሰጥታ ክንፍ አወጣች። የሰጧት አካል የተመኘችው ነው፦ የእሳት ራት ክንፍ፣ አንቴና፣ ቀጭን ወገብ። ግን ተረት ሳይሆን ነፍሳት ነው። ወደ ሸለቆዋ የምትወስዳቸውን ልጆችም ታናናሽ ክንፋሞች ታደርጋቸዋለች፤ እነሱም የትልቅ ሰው ጦርነት እየተጫወቱ እርስ በርስ ይገዳደላሉ። በሰፊው ገጽ የክንፏ ቅርፊቶች ለየብቻ ይታያሉ፣ ስትበር የሚከተላት የአየር ጭረትም ሳይደፈን ይነበባል። ካውንቱን የቀረጸው ጥፋቱ ነው፤ ሮዚንን የቀረጻት ሕልሟ ነው፣ ለዚህም ይበልጥ ታሳዝናለች።

ሰባተኛው ጥራዝ ደግሞ ከቆሻሻ ክምር ሥር የኖረ፣ ስም እንኳ የሌለውን ሰው ያመጣል። የተለወጠበት መልክ ራሱ ቤሄሊት የሚመስል እንቁላል ነው፤ ገራፊውን ቄስ ሞዝጉስንና ረዳቶቹን መልአክ መሳይ አውሬ የሚያደርጋቸውም እሱ ነው። ሞዝጉስ ራሱ መስዋዕት ስላላቀረበ ከሐዋርያቱ አይቆጠርም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታል።

አሁን ስለ መጽሐፉ አያያዝ። ትልቁ ችግር የሁለት ገጽ ሥዕሎች መጋጠሚያ ነው። ጥራዙ ወፍራም ስለሆነ መሐሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይውጣል፤ ፊት ወይም ክንፍ እዚያ ካረፈ ይቆረጣል። እንዲለጠጥ ብላችሁ መሐሉን በኃይል አትጫኑት፣ ጀርባው ይሰነጠቃል። አዲሱን መጽሐፍ በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፣ ሁለቱን ሽፋኖች አውርዱ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ከፊት አንድ ጊዜ ከኋላ ሃያ ሃያ ገጽ እያወረዳችሁ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፤ መሐሉ መጨረሻ ይድረስ። መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ በሁለት ወገን ተደግፎ ይቁም። ካዘነበለ የገጾቹ ክብደት ከሽፋኑ ላይ እየጎተተ መጋጠሚያውን ያላላዋል። አንዱ ጥራዝ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ስለሚመዝን ተኝቶ ደረት ላይ አድርጎ ለማንበብ አይሆንም፤ ጠረጴዛ ወይም ጉልበት ላይ ትራስ ይፈልጋል። ከውጭ በሰው ለምታስመጡም አሥራ አራቱ ጥራዞች አንድ ሻንጣ ብቻቸውን ይወስዳሉ። ማዕዘኖቹ ቶሎ ይጨፈለቃሉ፤ ልብስ ከየጎኑ ይደረግላቸው።

ከተለመደው ዋጋ በጣም ከወረደ ቅጂ ተጠንቀቁ። የማንጋ ግራጫ ጥላ ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ገጹ ከታተመ መጽሐፍ ላይ ተነሥቶ እንደገና ሲታተም ነጠብጣቦቹ ከማሽኑ ነጠብጣብ ጋር ይጋጩና እንደ ውኃ ሞገድ ያለ ጥለት ያወጣሉ። ሰማይ ወይም ጭስ ያለበትን ገጽ ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩ፤ ሞገድ ካለ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚነበቡ የተነሡ ገጾች ላይም ይኸው ይታያል፣ የካውንቱ እርጥበትና የሮዚን ክንፍ መጀመሪያ የሚጠፉትም እዚያ ነው።

ይህ የልጅ መጽሐፍ አይደለም። አስገድዶ መድፈር፣ በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት፣ የተቆራረጠ አካል አለበት፤ ከሁሉ የሚከፋው አራተኛውና አምስተኛው ጥራዝ ላይ ነው፣ በሰፊ ገጽ ደግሞ ምንም የሚሸፍነው የለም። ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሰጥ። ለአዋቂም ቢሆን በስጦታ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ለመሞከር የሚፈልግ የመጀመሪያውን ጥራዝ ይግዛ፤ የካውንቱ መጨረሻ ካልነካው ቀሪውን አይግዛ። አሥራ አራተኛው ቅጽ 40ን፣ 41ንና የሥራውን መምሪያ መጽሐፍ ይይዛል። ሚዩራ በሜይ 2021 በ54 ዓመቱ ስላረፈ ቅጽ 41 የሚያበቃው እሱ በሠራበት የመጨረሻ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚዩራ ረዳቶች ቡድን የሆነው ስቱዲዮ ጋጋ በሚዩራ ወዳጅ በኮጂ ሞሪ ተቆጣጣሪነት እየሳለ ነው፤ የሚዩራ እጅ ያለበትን ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰብሳቢ አሥራ አራቱ ይበቁታል።