የኤም 113 አሞርዛቶር፦ ግራው የተጠገነ፣ ቀኙ አዲስ፣ 8 ወር ከነዳነው በኋላ

«ታንክ ገዛህ አሉ» ብሎ ያልቀለደብኝ አበሻ ዳላስ ውስጥ የቀረ አይመስለኝም። ታንክ አይደለም። ኤም 113 ነው፤ ወታደር የሚጭን ብረት ለበስ፣ መሣሪያው ከተነሣለት የቆየ። ሙሉውም የኔ አይደለም። ግማሹ ቬትናም የዘመቱ የአንድ ሽማግሌ ነው፤ የሚቆመውም እሳቸው እርሻ ላይ ነው። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው መኪና እጠግናለሁ። ቅዳሜ ደግሞ የዚህ 11 ቶን ብረት ሎሌ ነኝ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ አሞርዛቶሮቹ፣ የመኪናውን ውዝዋዜ ስለሚገቱት፣ ብቻ ነው። አራት ናቸው። የግራ ሁለቱን ጠገንን፣ ለቀኝ ሁለት አዲስ ገዛን። ገንዘብ ስላነሰን እንጂ ለሙከራ ብለን አልነበረም። ግን ጥሩ ማወዳደሪያ ሆነ።

መኪናው በየጎኑ 5 ጎማ አለው። ባሌስትራ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ጎማ ከሆዱ ሥር በተጋደመ ረጅም የብረት ዘንግ ተይዟል፤ ጎማው ሲነሣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ሲወርድ ይመለሳል። የግራውና የቀኙ ዘንጎች ጎን ለጎን ስለሚያልፉ የሁለቱ ወገን ጎማዎች ትክክል ፊት ለፊት አይገጥሙም። ለዚህ ነው የአንዱ ጎን ሰንሰለት 63 ቁራጭ፣ የሌላው 64 የሆነው። መጀመሪያ የቆጠርኩ ቀን አንድ ቁራጭ የጎደለብን መስሎኝ ሽማግሌውን በስልክ ከእንቅልፍ ቀስቅሻቸዋለሁ።

ዘንግ ብቻውን ግን አንዴ ከተወዛወዘ በቀላሉ አይቆምም። ልጓሙ አሞርዛቶር ነው። የኛ መኪና ላይ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጎማ ብቻ ነው ያለው። ጉብታ ሲመታ እንደሚነሣ ግመል አንዴ በፊት አንዴ በኋላ ስለሚወዛወዝ፣ መያዝ ያለበት ጫፍና ጫፉ ነው። ስንገዛው ግን ማን ይያዘው! የደረቀ ቦይ ስናቋርጥ አፍንጫው ሦስት አራት ጊዜ ይሰግዳል። አንድ ቀን ምላሴን ነክሼ ደም ተፋሁ።

አባባ በንጉሡ ጊዜ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበሩ። ኤም 113 እኛም አገር ነበረ፤ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር እስክንቆራረጥ ድረስ የመጣ ነው። ደውዬ ችግሩን ስነግራቸው ሳቁና፣ «ትንሽ ንዳውና አቁመህ ቶሎ ውረድ። አሞርዛቶሩን በእጅህ ንካው። ሞቅ ካለ እየሠራ ነው። ከቀዘቀዘ አውልቀው» አሉኝ። ለሽማግሌው ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። እሳቸውም ቬትናም የተማሩት ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የጎማውን ዝላይ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሙቀት ከሌለ ሥራም የለም። ከአራቱ ለብ ያለው አንድ ብቻ ሆነ። የፊቶቹ ደግሞ በዘይት ርሰው አቧራ እንደ ጭቃ ተለጥፎባቸዋል።

ማውለቁ ሁለት ቅዳሜ በላ። የሰንሰለቱ መወጠሪያ የሚሠራው በተሞላ ግሪስ ስለሆነ ግሪሱን አስተንፍሰን ሰንሰለቱን አላላነው። እጅ እንዲገባልን ጎማ አወለቅን። ከዚያ ቡሎኖቹ እምቢ አሉ። ገላው አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑ ብረት፤ ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ። በቡሎኑ ዙሪያ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ነበር። የተለመደው ዘዴ በእሳት ማጋል ነው። እዚህ ግን አይሆንም። ያ አሉሚኒየም ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፣ አሞርዛቶሩ ውስጥ ደግሞ የታፈነ ዘይት አለ። ዘይት እያጠጣን፣ በመዶሻ ቀስ እያልን፣ ሩብ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ ሠራን። አንዱ ተቆረጠ። እሱን በመሰርሰሪያ ማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የቀኝ ፊቱ አሞርዛቶር የራሱ ዘንግ ስለጎበጠ ተጣለ፣ የቀኝ ኋላውም ቆርቆሮው ተበልቶ ነበር። የግራዎቹን ግን ቶርኖ ላይ ከፈትናቸው፤ በክር የሚዘጋ አዲስ ክዳን አሠራንላቸው። ዘንጎቹን የሃይድሮሊክ ሥራ ለሚሠራ ሰው ሰጥተን በክሮም አስለበስን። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚዘጋውን የጎማ ማኅተም በልክ አስመጣን። የሁለቱ ጥገና ተደምሮ ከአንዱ አዲስ ዋጋ ብዙም አልበለጠም።

በ8 ወር ውስጥ 41 ሰዓት ነዳነው፤ አብዛኛው እርሻ ውስጥ ነው፣ አንዴ ብቻ ለበዓል ሰልፍ ወጥቷል። የመጀመሪያው ቀን ለውጥ ለማመን ይከብዳል። ያንኑ ቦይ አንድ ጊዜ ሰግዶ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ሆን ብለው ደግመው ገቡበት።

ጥፋትም አልጠፋም፤ የመጀመሪያው የኔው ነው። የተጠገኑት ላይ ወፍራም ዘይት ሞላሁ። በሙቀቱ ወራት ቆንጆ ነበር። ጥር ጧት ላይ ግን መኪናው እንደ ጋሪ ይደበድበን ጀመር፣ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት። በቀጭን ዘይት ቀየርኩት፣ አለቀ። ሁለተኛው ማያያዣው ላይ ያለው ላስቲክ ነው። «ዕድሜ ልክ ይቆያል» ብለው የሸጡልንን ጠንካራ ፕላስቲክ አስገባን። ላስቲክ የሚውጠውን ምት እሱ ወደ ቡሎኑ ይልካል። በሦስተኛው ወር ዳዶ ላልቶ አገኘሁ። ተራውን ላስቲክ መልሼ ገጥሜ ተገላገልኩ።

ትልቁ ግን አዲሱ ነው። በ5ኛው ወር የቀኝ ፊቱ ዘይት ማልቀስ ጀመረ። የመጣበት ካርቶን ላይ የታተመው ዓመት 1987 ይላል፣ በፈረንጅ። ያልተነካ ነው፣ እውነት ነው። ግን ያን ሁሉ ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ላስቲክ ደርቋል። ሻጩን ስጠይቀው «አዲስ ነው የሸጥኩልህ» አለኝ። ልክ ነው። የቀኝ ኋላው እስካሁን ደህና ነው፣ ዕድል ይመስለኛል። ዛሬ ቢሆን አዲስ የምገዛው ካርቶኑን አይቼ፣ ማኅተሙን ቀይሬ መግጠም እንዳለብኝ አውቄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ነድተን ወረድን። ሽማግሌው ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው የምነካው እኔ ነኝ። ግራ ፊት፣ ሞቋል። ግራ ኋላ፣ ሞቋል። ቀኝ ኋላ፣ ለብ ብሏል። ቀኝ ፊቱን መንካት አላስፈለገኝም፤ እሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ሞርሳ ላይ ታስሯል፣ የታዘዘው ማኅተም እስኪመጣ።