የ1,800 ብሩ ማራገቢያ እና ሁለቱ ቆርኪዎች

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለላፕቶፕ ማቀዝቀዣ መግዛት በሬሳ ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃ እንደ መግዛት ነው ብሎ የሥራ ባልደረባዬ ስቆብኛል። ታኅሣሥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚያድርበት ወር። እኔ ግን ጠባሴ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄጄ 1,800 ብር ከፈልኩ። አራት ትንንሽ ማራገቢያዎች ያሉት፣ ኃይሉን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ የሚወስድና ሳያስፈልግ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ሰሌዳ ነው። ላፕቶፑ ከላይ ይቀመጥበታል፣ ሰሌዳው ከሥር ይነፋዋል።

ወጪው የመጣው በቦይንክ ምክንያት ነው። ቦይንክ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ለሳይንስ ምርምር እንዲያሰላ ያደርጋል። የፊዚክስ መምህር ነኝና አይንስታይን አት ሆም የተባለውን ፕሮጀክት መረጥኩ። ከራዲዮ ቴሌስኮፖችና ከስበት ሞገድ መመልከቻዎች የተሰበሰበ መረጃ እየተቆራረሰ ይመጣል፤ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕም ሌሊቱን ሲያበጥረው ያድራል። በ2010 እ.ኤ.አ. የፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ አዲስ ፐልሳር፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ የራዲዮ ሞገድ የሚረጭ የሞተ ኮከብ፣ ማግኘታቸውን ክፍል ውስጥ ስናገር፣ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «የእርስዎስ ምን አገኘ መምህር?» አለችኝ። እስካሁን ሙቀት ብቻ አልኳት።

አልዋሸኋትም። ላፕቶፕ የሚሠራው እንደ ሰው ነው፤ ትንሽ ይሮጣል፣ ከዚያ ያርፋል። ቦይንክ ግን እረፍት አያውቅም፤ የፕሮሰሰሩን አራት የሥራ መስመሮች ለሰዓታት እንደወጠረ ይቆያል። ክፍሌ 15 ዲግሪ በሆነበት ምሽት የፕሮሰሰሩ ሙቀት 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። የእኔው ፕሮሰሰር ወሰኑ 100 ነው፤ እዚያ ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

እንግዲህ ሰሌዳው ምን አደረገ? ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ 94፣ ሰሌዳው ላይ ማራገቢያዎቹ በሙሉ ኃይል እየዞሩ 90። አራት ዲግሪ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የሰሌዳውን ማራገቢያዎች አጥፍቼ ለካሁ፦ 91። በመጨረሻም ሰሌዳውን አንሥቼ በላፕቶፑ የኋላ እግሮች ሥር ሁለት የለስላሳ ቆርኪዎች አስገባሁ፤ እሱም 91። ለካ አብዛኛውን ሥራ የሠራው ከሥር የተከፈተው ክፍተት ነው። አራቱ ማራገቢያዎችና ሰማያዊው መብራት ተባብረው ያመጡት አንድ ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ብርዱ ሲበረታ አልጋ ላይ ሆኜ፣ ላፕቶፑን የመንዝ ባና ላይ አስቀምጬ ፈተና ማረም ልማዴ ነበር። ባናው የአየር ማስገቢያውን ይደፍነዋል፤ ይህን አውቅ ነበር። ያላወቅኩት ሌላውን ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ ሲከፍተው፣ ማራገቢያው ከሙቀት ማስወጫ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ተነጥፎ አየን። ሰውየው በወረንጦ ይዞ ሲስበው ሳይበጠስ፣ እንደ ጨርቅ ተያይዞ ወጣ። ብርሃን ላይ አንሥቶ አገላብጦ አየውና «መምህር፣ ውስጡ ብርድ ልብስ ሸምነዋል» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሳበው የበግ ጠጉር ነው።

የዚህን ሰው ሥራ ሳላመሰግን አላልፍም። አቧራውን በንፋስ ከመንፋቱ በፊት ማራገቢያው ያለ ልክ እንዳይሽከረከር የክብሪት እንጨት ሰካበት። ፕሮሰሰሩ ላይ ደርቆ እንደ ጭቃ የሚፈረፈረውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት በአልኮል ጠረገና የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት ጠብ አደረገ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ 500 ብር ተቀበለኝ። ማታ ስለካ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ቆርኪ 84 ነበር።

ከሁሉም የበለጠውን ለውጥ ያመጣው ግን አንድ ሳንቲም ያላስወጣኝ ነገር ነው። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን የሚወስን መስመር አለ፤ 100 የሚለውን 99 አደረግሁት። አንድ በመቶ መቀነስ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዲፈተለክ የሚፈቅድለትን ቱርቦ የተባለ አሠራር ያጠፋዋል። ሙቀቱ ከ84 ወደ 68 ወረደ። በስድስት ሰዓት ያልቅ የነበረ ሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ፐልሳሩ እንደሆነ አይቸኩልም። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ መስመር ተደብቆ ነው የሚመጣው።

ቦይንክም የራሱ ሁለት ማስተካከያዎች አሉት፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። አንደኛው ከሥራ መስመሮቹ ስንቱን ይጠቀም የሚለው ነው። ግማሹን ብቻ ስፈቅድለት 61 ዲግሪ ላይ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ የምመክረው ይህንን ነው። ሁለተኛው ከፕሮሰሰሩ ጊዜ ስንት በመቶ ይውሰድ የሚለው ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ደጋግሞ በማስቆምና በማስነሣት የሚሠራ ነው። ሙቀቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ማራገቢያውም አስም እንዳለበት ሽማግሌ እያቃሰተ እንቅልፍ ይነሣል። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ሥራ እንዲያቆም የሚያደርገውን ምልክት ግን አትንኩት።

ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ሲደረስ ጃኬት ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ ሸሚዙም ይከብዳል። ክፍሉ 33 ዲግሪ ነበር፤ ላፕቶፑ በዚያው ባለ 99 ማስተካከያ፣ በአራቱም መስመሮች 81 አሳየ። ሂሳቡን ልብ በሉ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ከክፍሉ በ53 ዲግሪ ይበልጥ ነበር፤ እዚህ በ48 ብቻ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ በማራገቢያው ውስጥ የሚያልፈው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል። ቆላው ላይ ማራገቢያው ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚዞር ልዩነቱን በሙሉ ለአየሩ አልሰጥም። ቢሆንም ብርዱን ተማምኖ ላፕቶፑን ለሚያንገላታ የደጋ ሰው ይህ ልብ የሚባል ነገር ነው።

ለሸዋ ሮቢት ይጠቅመኛል ብዬ ሰሌዳውን ይዤው ወርጄ ነበር። እናቴ ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ አይታ እጇን ዘረጋችና ነፋሱን ሞከረች። «ይኼን ለዚያ ብረት ነው የምታናፍስለት?» አለችኝ። ከላፕቶፑ ሥር ስባ አወጣችው፣ የስልኬን ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ሰክታ አያያዘችው፤ ግድግዳ ላይ አስደግፋም እግሮቿን ፊቱ ዘረጋች። ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ትቼላት መጣሁ። ላፕቶፑ አሁን ቆርኪዎቹ ላይ ነው።