ቬንትሌተር ለጓሮ ቢንቢ፦ ከየካቲት እስከ ኅዳር ስጠቀምበት ያየሁት

አዲስ አበባ ላይ ቬንትሌተር ገዛሁ ብሎ ማውራት ያስቃል። እናቴ ካርቶኑን እንዳየች «የቆላ ዕቃ ደጋ ምን ይሠራል?» አለች። አልተሳሳተችም። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ማታ ማታ ጋቢ እየደረቡ ቬንትሌተር መክፈት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን የገዛሁት ለሙቀት አይደለም። ለቢንቢ ነው።

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ ወረድ ብሎ ነው። ጓሮው ሰፊ አይደለም፤ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ጥቂት የጎመን መደብ፣ ጤና አዳም፣ ከግድግዳው ጥግ ደግሞ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ሲጠነክር የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ስለማይቻል ሁሉም ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ይወጣል። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እዚያው ይሠራሉ። ቡናውም እዚያው ይፈላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ታዲያ ቢንቢው ከወንዙ በኩል ይመጣና ቁርጭምጭሚት ቁርጭምጭሚታችንን ይለናል። ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ሁሉም እግሩን እያከከ ወደ ቤት ይገባል።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። እዚህ የሚነክሰን ቢንቢ ብዙውን ጊዜ ኩሌክስ የሚባለው፣ በቆሸሸ ውኃ የሚራባው ዓይነት ነው። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር በሽታ ስለሆነ፣ ጓሮ ውስጥ በተነከስን ቁጥር መደንገጥ አያስፈልግም። ወደ ጋምቤላ፣ አዋሽ ወይም አርባ ምንጭ ደርሶ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ ይመርመር።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ባለ እግር ቬንትሌተር ነው፤ 16 ኢንች፣ ሦስት ፍጥነት፣ ጀርባው ላይ 50 ዋት ይላል። ከመርካቶ ነው የገዛሁት። ስሙን ብነግራችሁም ሌላ ሱቅ ውስጥ ያው ዕቃ በሌላ ስም ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። ዋጋውንም ተዉት፤ እኔ ከገዛሁ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። የመብራቱን ሒሳብ ግን ልንገራችሁ፤ እናቴን ዝም ያሰኘው እሱ ነው። በየማታው ሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የእንጀራ ምጣዳችን በአንድ ቀን ጋገራ ብቻ ከዚያ በላይ ይበላል።

ቬንትሌተር ቢንቢን እንዴት ይከለክላል? ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቀላሉ ነው፤ ቢንቢ ደካማ በራሪ ናት። በሰዓት ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፍም፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው እንኳ ይቀድማታል። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ቢንቢ የምታገኘን በምናስወጣው ትንፋሽ፣ በላባችን ሽታና በሰውነታችን ሙቀት ነው። ነፋሱ ያንን ሁሉ ይበትንባታል። በአሜሪካ ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ በቬንትሌተር ፈትነው ነበር። ከነፋሱ ጉልበት ይልቅ የሽታው መበተን የበለጠ ሚና እንዳለው ነው የደመደሙት። ስለዚህ መካከለኛው ፍጥነት ይበቃል። ሦስት ቁጥር ላይ አድርጎ የልጆቹን ደብተር ማብረር አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን ተስፋ አልሰጠንም። ቬንትሌተሩን ሁሉም እንደሚያደርገው ፊት ለፊት፣ በደረት ቁመት አቆምነው። ፊታችን ቀዘቀዘ፤ እግራችን ተበላ። ለካ ቁም ነገሩ ቁመቱ ላይ ነው። አንገቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ መሬት ደፋ አድርጌ፣ ነፋሱ ከአግዳሚው ሥር በእግራችን መሐል እንዲያልፍ አደረግኩት። ያን ማታ ሦስተኛው ቡና በሰላም ተጠጣ።

ግራ ቀኝ መዞሩንም አጥፍቼዋለሁ። ሲዞር ለሁሉም የሚዳረስ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ወዲያ ባዞረ ቁጥር ወዲህኛው ሰው ለጥቂት ሰከንድ ነፋስ የለውም። እህቴ «በዚያች ጊዜ ብታርፍ እንኳ ጠጥታ አትጨርስም» ብላ ተከራክራኛለች። ቁርጭምጭሚቴ በዚህ አይስማማም። አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ከሁለት ሜትር ርቀት ሦስት ትልልቅ ሰዎችን ጎን ለጎን ይጠብቃል። አራተኛው ሰው ዳር ላይ ነው፤ እሱን ይነክሱታል። እንግዳ ሲመጣ ዳር ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው አዲስ ጭቅጭቅ ሆኗል።

ትልቁ ፈተና ከቡናው ጋር ነበር። ነፋሱ ከሰሉን ያነደዋል፣ አመዱን ያነሳዋል። አንድ ቀን አመዱ ሄዶ ረከቦቱ ላይ ተነሰነሰና ሲኒው ሁሉ እንደገና ታጠበ። እጣኑማ ገና ከመጤሱ የጎረቤት ግቢ ገብቶ ያድራል። እናቴ «እኔ የማጤሰው ለጎረቤት ነው እንዴ?» አለችኝ። መፍትሔው ማንደጃውን ከቬንትሌተሩ ኋላ፣ ከግድግዳው በኩል ማድረግ ሆነ። አሁን ከሰሉ ሲቀጣጠል ብቻ ለአፍታ ወደ እሱ እናዞረዋለን። ማርገብገቢያው ሥራ ፈትቶ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰኔ ላይ እናቴ ራሷ «እስቲ አዙርልኝ» ማለት ጀምራለች።

ሌላዋ ተቃዋሚ ቡና የሚጠጡት አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። «የኔ ልጅ፣ ይቺን ነገር ወደዚያ በልልኝ፤ ብርድ ወገቤን ያዘኝ» ይሉኛል። ነፋሱ ከጉልበት በታች ብቻ እንዲሆን አድርጌ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ እግራቸውን ካልሲ አስገብተው ነው የተስማማነው። እውነቱን ለመናገር ካልሲው ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ጓሮአችን ውስጥ ቀድሞ የተሰቀለ ሰማያዊ መብራትም አለ፤ ዘመድ ያመጣልን፣ ነፍሳት ሲነኩት ጧ የሚለው። ልጆቹ ይወዱታል። ጠዋት ትሪውን ስታዩት የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ይሞላዋል። ቢንቢ ግን በመፈለግ ነው የሚገኘው። ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የደላዌር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዲህ ዓይነት መብራቶች የገደሏቸውን ነፍሳት ሲቆጥሩ ከ13,789ኙ ውስጥ ሰው ወይም እንስሳ የሚነክሱት 31 ብቻ ሆነው አገኙ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቢንቢ የምትመጣው መብራት ፍለጋ ሳይሆን እኛን ፍለጋ ነው። ገንዘባችሁን ለሁለት ከመክፈል ለቬንትሌተሩ አውሉት። ተጠምዝዞ የሚጨሰው የቢንቢ ማባረሪያም ነፋስ በሌለበት ማታ ይረዳል፤ ሽታው ግን ያሳስለኛል። ቀበርቾ ማጨስ ደግሞ የቆየ መላ ነው። እናቴ አሁንም ታጨሰዋለች፤ እኔም አልቃወምም። ብቻ ጭስና ቬንትሌተር ባንድ ጓሮ አይስማሙም፤ አንዱን መምረጥ ነው።

ቬንትሌተር ቢንቢን አይገድልም። ይህን የማያውቅ ሰው ገዝቶ ያማርራል። የሚጠብቀው የተቀመጥንባትን ቦታ ብቻ ነው። ከሁለት ሜትር ወዲያ ያለው ጓሮ የቢንቢው ነው። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ምንም አያገኙም። ስለዚህ ቁጥሩን ለመቀነስ ውኃው ላይ መሥራት ግድ ነው።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሮቶ አለው። እኛም አለን። ሚያዝያ ላይ ክዳኑ የጠፋ አንድ በርሜል ውስጥ ልጆቹ «ትል አለ» ብለው ጠሩኝ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ቀጫጭን ነገሮች ከውኃው ገጽ ላይ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፤ በጭራቸው በኩል ነው የሚተነፍሱት። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ተጣጥፈው፣ ተዘርግተው፣ እየተወራጩ ወደ ታች ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንድ በአንድ ወጡ። እጮች ናቸው። ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሙቀት ባለበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው የሚፈጀው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የሚደፋውን መድፋት፣ የማይደፋውን መክደን። በርሜሉን በአሮጌ አጎበር ሸፍነን በላስቲክ አሰርነው። ያረጀ ጎማ ነበረን፤ አስወጣነው። የሽንት ቤቱ መተንፈሻ ቱቦ አፍ ላይም ወንፊት አሰርን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ኩሌክስ ግን አትረሳውም።

ቆላ ቤተሰብ ያላችሁ ለበርሜል ክዳን ይበልጥ ተጨነቁ። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። ይህቺኛዋ ከተማ የለመደች ናት፤ ሰው ለመጠጥ ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ትራባለች።

ግንፍሌን ግን መክደን አይቻልም። ከአጥራችን ማዶ ያለውን ነገር እኔ ምንም ላደርገው አልችልም። ቬንትሌተሩ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ችግሮቹ። ግንቦት ላይ አንድ ማታ ስከፍተው እም እያለ አልዞር አለ። ክንፉን በእርሳስ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ይነሳና ይዞራል። የሰፈሩ ጠጋኝ ሳይፈታው «ካፓሲተሩ ነው» አለኝ፤ እንዳለውም ሆነ። ሞተሩን የሚያስነሳ ትንሽ፣ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ወዲያው ተቀየረ። ይህ ምልክት ሲታይ ሞተሩ ተቃጠለ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይዞር ተሰክቶ እንዲቆይም አታድርጉ፤ ያኔ በእውነት ይቃጠላል። ክንፉን ስትገፉም ጣት አታስገቡ።

እግሩ የመስቀል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ለሴራሚክ እንጂ ለአፈር አልተሠራም። ሁለት ጊዜ ተዘርሮ የፊት ሽቦው ጎብጧል። አሁን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ብሎኬት ተጭኖበታል። አያምርም፤ አይወድቅም። አንገቱን ደፋ የሚያደርገው ብሎን በየጊዜው ይላላል። አቧራውማ ሌላ ታሪክ ነው። በበጋው ክንፉ ላይ የሚጋገረው አቧራ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ በወር አንዴ ፈትቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ከኋላው ዘንግ ላይ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጌ ጩኸቱ ጠፍቷል።

ዕቃው ለቤት ውስጥ የተሠራ መሆኑን አትርሱ። እኛ ገመዱን በወጥ ቤቱ መስኮት አሳልፈን ነው የምንሰካው። ዲቫይደሩ መሬት አይነካም፤ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የጠብታ ምልክት ከታየ ቬንትሌተሩ ከሰው ቀድሞ ይገባል። ክረምቱን ሙሉ አላወጣነውም፤ ለነገሩ በሐምሌ ጓሮ የሚቀመጥ የለም። መስከረም መጨረሻ ላይ መልሰን አወጣነው። የዓመቱ ክፉ ቢንቢ ያኔ ነው፤ ዝናቡ ቆሞ፣ ያቆረው ውኃ ገና ሳይደርቅ። በዚያን ጊዜ ቬንትሌተሩ ይረዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስጥልም። ካልሲና ረጅም ሱሪ ጨምሩበት።

ዋናው ድክመቱ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ቢንቢው እስከ መቶ አይቆጥርም፤ ወዲያው ይመለሳል። አንዳንድ ማታ ደግሞ ኃይሉ ሲቀንስ ሁለት ቁጥር የነበረው እንደ አንድ ቁጥር ይንቀራፈፋል።

ለማን ይሆናል? ማታ ማታ አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጫወት፣ ለሚበላ፣ ለሚያነብ ቤተሰብ ይሆናል። ድግስ ደግሶ ግቢ ሙሉ ሰው ለሚያስቀምጥ አይበቃም። ለመኝታም በእሱ አልተማመንም፤ ለመኝታ አጎበር አለ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ የፊት ሽቦው ክፍተት ጠባብ መሆኑን በራሳችሁ ጣት ለክታችሁ ግዙ። ሱቅ ውስጥም ዝም ብላችሁ ካርቶኑን አትሸከሙ። አሰክታችሁ አንድ ቁጥር ላይ አስጀምሩት። በዝቅተኛው ፍጥነት ሳያንገራግር ከተነሳ ደህና ነው።

ሁለተኛ ብገዛ ቻርጅ የሚደረገውን ነው። ጎረቤታችን አንድ አለው፤ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወደ እሱ ጓሮ እንሻገራለን። ሻጩ «አሥር ሰዓት ይቆያል» ሲላችሁ በየትኛው ፍጥነት እንደሆነ ጠይቁት። የጎረቤታችን ላይ የተጻፈው በአንድ ቁጥር ተለክቶ ነው፤ ቢንቢ የሚያባርረው ደግሞ ሁለት ቁጥር ነው።