የራስ ፒያኖ ይዞ መዞር ወይስ የአዳራሹን መጫወት?

ቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያውን አንግቶ ይሄዳል። ፒያኒስት ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከማያውቀው ፒያኖ ፊት ነው።

ይሄ የማይዋጥላቸው አሉ። ዝነኛው ፒያኒስት ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ሞስኮ ላይ የተጫወተው የራሱን ስታይንዌይ ፒያኖ አስጭኖ ወስዶ ነው። ቅንጦት ይመስላል፤ ለእኔ ግን አይደለም። ጣት አንድን ፒያኖ ሲለምድ፣ ቁልፉ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ክሩን የሚመታው መዶሻ የቱ ጋ እንደሚለቅ ሳያስብ ያውቀዋል። ሹክሹክታ የሚያህል ድምፅ ለማውጣት የሚደፍረውም ስለሚያምነው ነው።

ጣጣው ግን ቀላል አይደለም። ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ወደ 500 ኪሎ ይጠጋል። ሌላው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ አብዝቶ ይወደው የነበረው ስታይንዌይ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጓጓዝ ወድቆ ተጎዳ። ተጠገነ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1981 ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ የተባለውን የባክ ሙዚቃ እንደገና ሲቀርጽ የተጫወተው በያማሃ ፒያኖ ነው።

የአዳራሹ ፒያኖ የማጓጓዣ ወጪ የለውም፣ ለዚያ ክፍል ተብሎም የተቃኘ ነው። ከባዱ ነገር በአጭር ልምምድ መግባባቱ ነው። አንዳንዴ እንግዳው ፒያኖ ያልታሰበ የድምፅ ቀለም ያወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምሽቱን ሙሉ ትግል ነው።

ለቀረጻ ከሆነ የራስን እመርጣለሁ። በየከተማው ለመዞር ግን፣ ጎበዝ ቃኚ እስካለ ድረስ፣ የአዳራሹ ይበቃል።