ከሸክላ ማጫወቻ ሥር የሚቀመጡ የንዝረት መከላከያ እግሮች

ሸክላ ማጫወቻዬ ከስፒከሮቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ይደፈርስና የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይከተለው ነበር። መርፌው በሸክላው መስመር ውስጥ ያለውን በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ በመሆኑ፣ ስፒከሩ መደርደሪያውን ሲያንቀጠቅጠው ያንንም ከሙዚቃው ሳይለይ ይቀበለዋል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ይመልሰዋል። ይህን ዑደት ለማቋረጥ የገዛሁት ከፖሊዩሪቴን የተሠሩ፣ ለሁለት የተከፈለ ኳስ የሚመስሉ አራት ለስላሳ እግሮችን ነው።

የመጀመሪያው ግዢዬ ስህተት ነበር። ብዙ የሚሸከም ይሻላል ብዬ እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚችሉትን መረጥሁ፤ ማጫወቻዬ ግን ሙሉ ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም ስለሆነ በአንዱ እግር ላይ የሚያርፈው 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። እግሮቹ ቅንጣት ሳይጨመቁ እንደ ደረቅ እንጨት ቆሙ፤ ጉርምርምታውም እንዳለ ቀረ። ነገሩ በስሌት ይገባል። እግሩን እንደ ተራ ስፕሪንግ ብናስበው፣ በጭነቱ 1 ሚሊሜትር ሲሰምጥ ተፈጥሯዊ ድግምግሞሹ (ተነክቶ ሲለቀቅ በራሱ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካ) 16 ሄርዝ፣ 4 ሚሊሜትር ሲሰምጥ 8 ሄርዝ ገደማ ይሆናል፤ የዚህ ዓይነቱ ለስላሳ ቁስ በተግባር ከዚህ ከፍ ይላል። ንዝረት መቀነስ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ በቁጥሩ አካባቢ ግን እንዲያውም ይጎላል። እግሩ በበቂ ካልሰመጠ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ የባሱን ንዝረት ስለሚያሳልፍ፣ ከመግዛት በፊት መሣሪያውን መመዘን ግዴታ ነው።

ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚሸከሙትን ሁለተኛዎቹን እግሮች ስተካ ለውጡ ወዲያውኑ ታየ። የሞከርሁት እንዲህ ነው፦ ሞተሩን አጥፍቼ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳረፍሁና፣ ድምፁን በመጠኑ ከፍቼ መደርደሪያውን በጣቴ ጫፍ አንኳኳሁ። ቀድሞ ከስፒከሩ ከበሮ የመሰለ ዱብታ ይወጣ ነበር፤ አሁን የሚሰማው ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ደካማ ድምፅ ነው። ባሱም ጠርቶ፣ የአንዱ ኖታ ማብቂያ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ተለይቶ ይሰማል። የማጫወቻው ክብደት በአራቱም ማዕዘን እኩል ስላልሆነ ግን፣ ውሃ ልክ ሸክላው በሚያርፍበት ሳህን ላይ አስቀምጬ፣ አረፋዋ መሀል እስክትገባ ድረስ እግሮቹን ደጋግሜ ማሸጋሸግ ነበረብኝ።

እግሮቹ የእርምጃን ንዝረት አያስቀሩም። በእንጨት ወለል ላይ ሰው ሲራመድ የሚፈጠረው ንዝረት ጥቂት ሄርዝ ብቻ ስለሆነ ከመከላከያው ክልል በታች ይውላል፤ አልፎ ተርፎም የመርፌው ክንድ ሬዞናንስ (ክንዱ በቀላሉ የሚወዛወዝበት ድግምግሞሽ) አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ባለው ክልል ስለሚገኝ፣ የእግሮቹ ድግምግሞሽ እዚያው ከተቀመጠ መርፌው የመዝለል ዕድሉ ይጨምራል። ለዚህ ችግር ማጫወቻውን ከግድግዳ ጋር በተያያዘ መደርደሪያ ላይ መስቀል ከማንኛውም እግር ይበልጣል። አሜሪካዊው የድምፅ መሣሪያዎች ፈልሳፊ ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ በቀረበው ማጫወቻው ሳህኑንና ክንዱን አንድ ላይ በስፕሪንግ ላይ አንሳፎ ከሞተሩና ከማጫወቻው አካል መለየቱን ሳስብ፣ መፍትሔው ከመነሻው በመሣሪያው ውስጥ ቢሠራ ምንኛ የተሻለ እንደሆነ ይታየኛል።

እግሮቹን በቫኩም ቱቦ ሳይሆን በትራንዚስተር በሚሠራው አምፕሊፋየሬ ሥርም አስቀምጬ ነበር፤ ምንም ልዩነት አልሰማሁም፣ ለዚያም ገንዘብ ማውጣትን አልመክርም። በማጫወቻው ሥር ግን አሁንም እጠቀምባቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ከሳምንታት በኋላ በመደርደሪያው ቀለም ላይ አራት ቅባታማ ክቦች ትተው መገኘታቸው ነው። ክቦቹ በመጥረግ ስላልለቀቁ፣ አሁን በየእግሩ ሥር ትንሽ የመስታወት ቁራጭ አድርጌአለሁ።