1ኤችዜድ በጣና ጀልባ ሆድ፦ ሞተሩ ገብቷል፣ እጅ ግን አይገባም

ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት የጀልባ ጥገና ቤቶች በአንዱ የተሠራ ገጠማ ነው። ባለሦስት ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ወጥቶ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ገብቷል፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው። ጀልባዋ ዘጌ ሰው የምታመላልስ የብረት ጀልባ ናት። የሞተር ክፍሏ ርዝመት 1 ሜትር ከ45 ነው። ሞተሩ ከነካምቢዮው ሲቀመጥ ከፊት ግድግዳው ጋር የተረፈው 8 ሳንቲም ብቻ ነው።

የሻፍቱ (ኤሊካውን፣ ውሃ ገፊውን ክንፍ፣ የሚያዞረው ዘንግ) ሥራ እጅ የሚያስጨብጥ ነው። ጀልባዋ መሬት ላይ እያለች መካኒኮቹ ሱፖርቶውን (ሞተሩ የሚያርፍበትን መደገፊያ) አስረው ጨርሰናል አላሉም። ውሃ ላይ አውርደው፣ ናፍጣ ሞልተው፣ አሳድረው ነው የለኩት። ቀፎው ውሃ ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ይለመጣልና መሬት ላይ የተለካ ልክ አይያዝም። የካምቢዮውና የሻፍቱ መገጣጠሚያ ፍላንጅ 10 ሳንቲም ስፋት አለው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ሲገባ የክፍተቱ ልዩነት ከ0.1 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። እዚህ 0.08 ነው። ይህ ሲዛባ መጀመሪያ የካምቢዮው ዘይት ማገጃ ጎማ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሻፍቱ በሚወጣበት በኩል ውሃ መግባት ይጀምራል።

ማቀዝቀዣውም በደንብ ታስቦበታል። የሐይቁን ውሃ ከመሳብ ይልቅ ከቀፎው ሥር በተበየደ ቱቦ የራሱን ውሃ ያዞራል። እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን በሚደፍንበት፣ ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ደለል በሚያመጡበት ሐይቅ ሌላ ምርጫ ባይታይ ይሻላል። አንድ ስህተት ግን አለ፦ ጣሪያው ዝቅ ስላለ የውሃ መሙያ ጋኑን ከቴስታታው (የሞተሩ ራስ) በታች አስቀምጠውታል። አየር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወጣም፤ ቴስታታው ውስጥ ታፍኖ ይቀርና የሙቀት ጌጁ ደህና እያሳየ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ጋኑ ከክፍሉ ውጭ፣ ከወንበሩ ሥር ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

አሁን ወደዚያች 8 ሳንቲም። የ1ኤችዜድ ታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበው ቀበቶ) የሚቀየረው በ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብለን ብናሰላው 2,000 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰዓት ቆጣሪ ግድ ነው፣ እሱም አልተገጠመም። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቩ ከፒስተን ይጋጫል። ለመቀየር የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ መውጣት አለበት፤ በ8 ሳንቲም ደግሞ ፑሊ መንቀያው ቀርቶ ቁልፍ እንኳ አይዞርም። ስለዚህ ቺንጋ በተቀየረ ቁጥር ሱፖርቶ ተፈትቶ፣ ሻፍት ተለያይቶ፣ ሞተሩ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ሊነሳ ነው፤ ያ ሁሉ የተለፋበት 0.08 ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው። መፍትሔው ከፑሊው ትይዩ ግድግዳውን 50 በ50 ሳንቲም ቆርጦ በጎማና በቡሎን የሚታሰር የላሜራ ክዳን መሥራት ነው። ጎማው ግን በደንብ ይታሰር፤ ግድግዳው ውሃ የሚያግድ ነው።

ኮፓው (የዘይት መያዣው) ሥር እጅ ስለማይገባ ዘይት ማፍሰሻው ላይ ቱቦ አስረው ወደ ጎን አውጥተውታል፣ ጎበዞች። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ግን አልነኳትም። ሞተሩ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ስለተቀመጠ የፋብሪካው ምልክት ይዋሻል። ዘይቱን በሊትር ለክቶ ጨምሮ አዲስ ምልክት በፋይል መጫር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በየደቂቃው ከ5,000 ሊትር በላይ አየር ይውጣል፤ የተተወለት የአየር ቀዳዳ ግን ሁለት መዳፍ አያክልም። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ድሮም ሳሳ ያለ ነው። ሙሉ ሰው ተጭኖ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ዙሩ ካልደረሰና ጥቁር ጭስ ካለ፣ የናፍጣ ፖምፓውን ከመጎርጎር በፊት የሞተር ክፍሉን ክዳን ከፍቶ መሞከር ነው። ጭሱ ከጠራ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው፤ ካልጠራ ኤሊካው ለሞተሩ ከብዶ ሊሆን ይችላል።