ሽጉጣችሁን በርካሽ ጥይት እናስተኩስላችሁ ለሚሏችሁ ቀብድ አትስጡ

የድሬና የሐረር ወንድሞቼ፣ በተለይ ጥበቃ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ 18,000 ብር ከእጄ ወጥቷል። ሰውየው ግን አሁንም እየዞረ ነው።

ሳቢያን አካባቢ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ኃላፊ ነኝ። የድርጅቱ ሽጉጥ ፈቃድ ያለው ባለ ዘጠኝ ሚሊ ነው። አስፈቅደን ልምምድ ስናደርግ የጥይቱ ወጪ ያሳስበኛል። ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሽጉጥ ለመደ አይባልም።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን በቪዲዮ ስናወራ የራሱን አሳየኝ። የሽጉጡን የላይኛውን አካል በሙሉ አንሸራቶ አወጣው። አፈሙዙም አብሮ ወጣ። በምትኩ ሌላ ቀለል ያለ አስገባ፤ ካዝናውንም ቀየረ። መያዣውና ቃታው የድሮው ነው፤ የሚተኩሰው ግን ትንሿን ሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ሆነ። እዚያ የሷ ዋጋ የዘጠኝ ሚሊዋ ሲሶ ቢሆን ነው። አዲስ ፈጠራም አይደለም። ኮልት ፋብሪካ ለአርባ አምስት ካሊበር ሽጉጡ እንዲህ ያለ መቀየሪያ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው።

ይህንን ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ። ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፣ በሳምንቱ አንድ ሰው ደወለልኝ። አሸዋ አካባቢ ሻይ ቤት ተገናኘን። ዘይት በጠጣ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳው አወጣ። ጣት የምታህል ቀጭን የብረት ቱቦ ናት። «አቦ፣ ሌላ ምንም አትነካም። ይቺን አፈሙዙ ውስጥ ትከታለህ፣ አለቀ» አለኝ። ዋጋው 40,000 ብር፣ ጥይቱ ቀሪው ሲከፈል ይመጣል። ካዝናውስ ብለው እሱም ከጥይቱ ጋር ነው አለኝ። ቀብዱን ሰጠሁት።

ደግነቱ ሽጉጡ ውስጥ ሳልከታት ሐረር ይዤያት ወጣሁ። ጀጎል ውስጥ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ጡረተኛ አውቃለሁ። ቱቦዋን አየት አድርጎ አስቀመጣት። ከመሳቢያ ሁለት ባዶ ቀለህ አወጣና ረከቦቱ ላይ ገለበጣቸው።

«ቂጣቸውን እይ ልጄ» አለኝ።

የዘጠኝ ሚሊው ቀለህ መሀሉ ላይ ምስር የምታህል ክብ ነገር አለች፤ እሷ ላይ ትንሽ ጉድጓድ። የሃያ ሁለቱ ግን ቂጡ ልሙጥ ነው። መሀሉ ምንም የለም። የተመታው ጠርዙ ላይ ነው፤ ጥፍር ተጭኖት ያለፈ ይመስላል።

«ማቀጣጠያው የዚህኛው መሀል ላይ ነው፣ የዚያኛው ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል» አለ። «የሽጉጥህ መርፌ የት ነው የምትመታው?»

መሀል ነው የምትመታው። ቱቦዋ ጥይቷን አፈሙዙ መሀል ላይ ልክክ አድርጋ ትይዛለች፣ መርፌዋ ደግሞ ባዶውን መሀል ትመታለች። አይተኩስም። እውነተኛው መቀየሪያ የራሱ የላይኛ አካልና ጠርዝ የሚመታ የራሱ መርፌ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የሚሠራውም ትንሿ ጥይት ከባዱን ብረት ወደኋላ የመግፋት አቅም ስለሌላት ነው። የኔ ሻጭ የሰጠኝ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም።

ሽማግሌው ከዚህ በላይ የተቆጣው በሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ይዞ «እስኪ ትንሽ ላስተካክላት» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ልኩን ያልያዘ አፈሙዝ ውስጥ ጥይት ቢፈነዳ ጋዙና የቀለሁ ስብርባሪ ወደ ተኳሹ ዓይንና እጅ ነው የሚመለሰው። እባካችሁ፣ ይህን ማንም አይሞክር።

ዕቃው እውነተኛው ቢሆንስ? ማታ ቁጭ ብዬ ከአክስቴ ልጅ ጋር አሰላነው። እዚያ መቀየሪያው 300 ዶላር ቢሆንና በአንድ ጥይት 15 የአሜሪካ ሳንቲም ቢተርፍ፣ ዋጋውን ለመመለስ 2,000 ጥይት መተኮስ ያስፈልጋል። እሱ በየሳምንቱ ክለብ ይሄዳል፤ ጥይቱንም ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ ይገዛል። ለሱ ያዋጣል። እኛ 2,000 ጥይት በስንት ዓመት ነው የምንተኩሰው? በዚያ ላይ ያ የላይኛ አካል ለእያንዳንዱ የሽጉጥ ዓይነት ለብቻው ነው የሚሠራው። «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ሕጉንም አትርሱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ጥይት መገበያየት ወንጀል ነው። ለሽጉጣችሁ ፈቃድ ስላላችሁ ከሻይ ቤት የሃያ ሁለት ጥይት መግዛት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ቱቦዋን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። ጥይቱን ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ቃሌን የምሰጠው እንደ ከሳሽ እንደማይሆን እዚያው ገባኝ። ይህን ሳስብ እስካሁን ሰውነቴን ይቀዘቅዘኛል። አምስት የጥበቃ ልጆች በኔ ሥር አሉ፤ ጥፋቱ እነሱንም ይነካ ነበር።

የሰውየው ስልክ ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሐረር ያለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተመሳሳይ ነገር እንደቀረበለት ነገረኝ። ያው ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ ያው «ትከታለህ፣ አለቀ» የሚል ቃል፤ ቀብዱ ግን 20,000 ደርሷል። እናንተም ጋ ከመጣ ምንም አትቀበሉት፣ በሞባይል ብርም አትላኩለት። ቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ የላካችሁበትን መልእክት አታጥፉት፤ እሱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የኔም ቃል እዚያ ተመዝግቧል።